የቅያስ መብራት፦ ከተማው ይክፈል ወይስ ነዋሪው ያዋጣ?

ከአራት ኪሎ ፒያሳ ያለው ዋና መንገድ ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ሌሊቱም ቀን ነው። ወደ እኛ ቅያስ ስትታጠፍ ግን የስልክህን ባትሪ ታበራለህ።

ከተማው ሲከፍል፦ ወጪው ለሁሉም ይከፋፈላል፣ የድሃውም ደጅ ይበራል። አምፖል ሲቃጠል ግን ደብዳቤ፣ ቀጠሮ፣ «ነገ ተመለሱ»።

ነዋሪው ሲያዋጣ፦ ፈጣን ነው። የኛ አምፖል በተቃጠለበት ቀን ማታውኑ ተቀየረ፤ መሰላሉም ከጎረቤት ተገኘ። ጣጣው ቆጣሪው ነው። መስመሩ የሚወጣው ከአንድ ሰው ቤት ነው፤ ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ ሲጨምር ይወደዳል። መዋጮው ከዘገየ ልዩነቱን የሚሸፍኑት መስመሩ ከቤታቸው የወጣው እማማ ናቸው። ተከራዩም «ነገ ለምለቀው ሰፈር?» ይላል። አይፈረድበትም።

አላፊ አግዳሚ የሚበዛበት መተላለፊያ ከሆነ ከተማው ይክፈል። መውጫ የሌለው፣ ዕድሩ የጠነከረ ቅያስ ከሆነ ግን ማዋጣቱ ያዋጣል።