ክሮም ወይስ ፋየርፎክስ፦ ራሙን የሚበላው ምንድን ነው?

ክሮም የተባለው ብራውዘር (ድረ ገጽ መክፈቻ) ራም፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ፣ ይበላል ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። እውነት ነው። ግን ለምን እንደሚበላ ማወቁ ይጠቅማል።

ክሮም በ2008 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ታቦችን በተለያዩ ፕሮሰሶች (ለየብቻቸው በሚሠሩ፣ የየራሳቸውን ራም በሚይዙ የፕሮግራም ክፍሎች) ከፋፍሎ ነው የመጣው። አንዱ ገጽ ቢበላሽ ሌላው እንዲተርፍ። በጥር 2018 ስፔክተር የተባለው የፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ ዋና ቺፕ) የደኅንነት ክፍተት ይፋ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ከረረ። ተንኮለኛ ድረ ገጽ አብሮት በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ያለውን የሌላ ድረ ገጽ መረጃ ሊያነብ ይችላል ማለት ነው። የባንክ ገጻችሁ ከጎኑ ተከፍቶ እንደሆነስ? ጉግል በዚያው ዓመት፣ በክሮም 67፣ ድረ ገጾችን በየራሳቸው ፕሮሰስ ለየ። ዋጋው ከ10 እስከ 13 በመቶ ተጨማሪ ራም ነበር፤ ይህን ያለው ጉግል ራሱ ነው። እኔ ቢከፈል አያስቆጭም ባይ ነኝ።

ፋየርፎክስ በጥቂት ፕሮሰሶች ይሠራ ስለነበር ቀለል ይል ነበር። ተመሳሳዩን ጥበቃ ለኮምፒውተር ተጠቃሚዎች ያዳረሰው ግን በ2021 ነው። ሦስት ዓመት ብዙ ነው! ዛሬ በራም ያን ያህል አይራራቁም።

ፋየርፎክስን የማደንቅበት ሌላ ነገር አለ። በ2017 የገጾችን መልክ (ሲኤስኤስ) የሚያሰላውን ክፍሉን ረስት በተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ጽፎ አወጣ። የክሮም ባለሙያዎች በ2020 እንደገለጹት፣ ከከባድ የደኅንነት ክፍተቶቻቸው 70 በመቶ ያህሉ የሚመጡት ከሚሞሪ አያያዝ ስህተት ነው። ረስት እንዲህ ያለውን ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙ ሳይወጣ ይይዘዋል።

ላፕቶፓችሁ 4 ጊጋባይት ራም ብቻ ካለውም ድረ ገጾችን የሚለየውን ጥበቃ አታጥፉ። በክሮም ሚሞሪ ሴቨርን አብሩ፤ የማትነኳቸውን ታቦች ያስተኛል። አፕዴቱንም አታዘግዩ።