ሊኑክስ ሚንት 22 ለጌም፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በሚሸጡ ያገለገሉ ዴስክቶፖች

ማይክሮሶፍት ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ ለዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ አይሰጥም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ፕሮሰሰራቸው ከ8ኛ ትውልድ በታች የሆኑ ኢንቴል ማሽኖችን በደንቡ አይቀበልም። እዚህ ገበያ ላይ ያገለገለ ዴል ወይም ኤችፒ የሚገዛ ሰው «ሚንት ጫንበት» ቢባል አይገርምም። ሚንት በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። ነፃ ነው፤ እስከ 2021 ዓ.ም. ማሻሻያ ያገኛል፤ ዊንዶውስ የለመደ እጅም ቶሎ ይለምደዋል። ጌም ላይ ግን ነገሩን የሚወስኑት ሁለት ናቸው፦ የግራፊክሱ ዕድሜና ጌሙ የያዘው አንቲቺት (አጭበርባሪ ተጫዋችን የሚከላከል ፕሮግራም)። ሁለቱም የሚንት ጥፋት አይደሉም፣ ገዢው ካላወቃቸው ግን ሚንት ይሰደባል።

የዊንዶውስ ጌም ሊኑክስ ላይ የሚነሳው ቫልቭ (የስቲም ጌም መደብር ባለቤት) በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ባወጣው ፕሮቶን በሚባል ፕሮግራም ነው። ፕሮቶን ጌሙ ለዳይሬክትኤክስ (ለዊንዶውስ የግራፊክስ ቋንቋ) የሚሰጠውን ትእዛዝ ወደ ቩልካን (ሊኑክስም ወደሚያውቀው የግራፊክስ ቋንቋ) ይቀይረዋል፤ ከፕሮቶን 8 ጀምሮም ቩልካን 1.3 ግድ ሆኗል። የድሮዎቹ ኦፕቲፕሌክስ 3020፣ 7020 እና 9020፣ እንዲሁም ኢሊትዴስክ 800 ጂ1 ውስጥ ያለው 4ኛ ትውልድ ኢንቴል ግራፊክስ ይህን አያሟላም። ኦፕቲፕሌክስ 3040፣ 7040 እና ኢሊትዴስክ 800 ጂ2 6ኛ ትውልድ ስለሆኑ ያሟላሉ። ሣጥኑ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር አትመኑ፤ ሚንት የተጫነበት ፍላሽ ይዛችሁ ሱቁ ውስጥ ማሽኑን በፍላሹ አስነሱት፣ ከዚያ የፕሮሰሰሩን ቁጥር እዩ። አይ5-4590 ካለ 4ኛ፣ አይ5-6500 ካለ 6ኛ ነው። የዋጋው ልዩነት ጥቂት ከሆነ 6ኛውን ያዙ። 4ኛው እጃችሁ ላይ ካለ ስቲም ውስጥ የጌሙን ፕሮፐርቲስ ከፍታችሁ፣ ኮምፓቲቢሊቲ በሚለው ስር ፕሮቶን 7.0ን ምረጡ፤ የቆዩ ጌሞችን ብዙ ጊዜ ያስነሳል፣ ከአዳዲሶቹ ግን ብዙ አትጠብቁ።

ግራፊክስ ካርድ እጨምራለሁ የሚል ጂቲ 730ን ይለፈው። በዚህ ስም የተሸጡት ካርዶች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አንዳንዱ ቩልካንን ጭራሽ አያውቅም፣ የተሻለው እንኳ በኢንቪዲያ 470 ድራይቨር ላይ ቀርቶ ከቩልካን 1.2 አያልፍም። አርኤክስ 550 ለዚህ ሥራ ይሻላል፦ ድራይቨሩ ከሊኑክሱ ጋር አብሮ ስለሚመጣ የሚጫን ነገር የለም፤ ተጨማሪ የመብራት ገመድም አይፈልግም። ሣጥኑ ቀጭን ከሆነ ግን አጭሩን ዓይነት ጠይቁ፣ ረጅሙ አይገባም። ካርድ ለማይጨምር ደግሞ አንድ ባለ 8 ጊጋ ራም ከመሰካት ሁለት ባለ 4 ጊጋ ይሻላል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ግራፊክስ የራሱ ሚሞሪ የለውም፣ ከራሙ ላይ ነው የሚበላው፤ ራሙ በሁለት መስመር ሲሆን ፍጥነቱ በግልጽ ይጨምራል።

ስቲምን ስትጭኑ በሶፍትዌር ማኔጀሩ ውስጥ ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። ፍላትፓክ (ከሌላው ሲስተም ተነጥሎ የሚሠራ ጥቅል) የሚለውን ትታችሁ ሌላውን ጫኑ፤ ፍላትፓኩ ፈቃድ ካልተሰጠው ሁለተኛውን ሃርድ ዲስክ አያይም።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ችግር ይኸኛው ነው፦ ጌሙ በዊንዶውስ ዘመን ዲ ድራይቭ ላይ ተቀምጧል፣ ስቲምም ያየዋል። አረንጓዴው ፕሌይ ሲጫን ለአፍታ ሰማያዊ ይሆንና መልሶ አረንጓዴ ይሆናል። ስህተት የሚል ጽሑፍ የለም፣ ጌምም የለም። ዲስኩ ኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ የፋይል አያያዝ) ስለሆነ ነው፤ ፕሮቶን ለጌሙ የሚሠራቸውን ሁለት ነጥብ (:) ያለባቸው የፎልደር ስሞች ይህ አሠራር በወጉ አይዝም። ዘላቂው መፍትሔ ዲስኩን ኤክስት4 (የሊኑክሱ የፋይል አያያዝ) አድርጎ ፎርማት ማድረግ ነው፣ በእርግጥ ያለውን ፋይል ሌላ ቦታ ገልብጦ።

ኢንተርኔትን በጊጋ ለሚገዛ ሰው ስቲም ሁለት ነገር አለው። አንደኛው በአንድ ኔትወርክ ላይ ካለ ሌላ ማሽን ጌም መሳብ ነው፤ ሴቲንግስ ውስጥ ዳውንሎድስ በሚለው ስር ይበራል፣ ላኪው ማሽንም ለጓደኛ ወይም ለማንኛውም ሰው መፍቀድ አለበት። ዶታ 2 እና ካውንተር ስትራይክ 2 እያንዳንዳቸው ከ50 ጊጋ በላይ ናቸው፤ አንድ ጊዜ አውርዶ በገመድ ማዳረስ ለጌም ቤት ትልቅ ቁጠባ ነው። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ያለ ፕሮቶንም ይሠራሉ። ሌላው ሼደር ፕሪካሺንግ (የጌሙን የግራፊክስ ፋይሎች አስቀድሞ ማውረድ) ነው፦ በየጊዜው ዳታ ይበላል፣ ሲዘጋ የሚያስከፍለው ጌሙ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ትንሽ መቆራረጡን ነው። ዝጉት።

መብራት በድንገት ሲጠፋ ኤክስት4 ብዙውን ጊዜ ራሱን ያቃናል። ማሽኑ ተነስቶ ጥቁር ስክሪን ላይ «ኢኒትራምኤፍኤስ» (initramfs) የሚል ጽሑፍ ይዞ ከቆመ ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ፤ ከጽሑፉ በላይ የተጠቀሰውን ክፍልፍል በኤፍኤስሲኬ (fsck፣ ዲስክ መፈተሻ) ትእዛዝ ማስፈተሽ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ሲወርድ የነበረ ጌም ተበላሽቶ ከሆነ ከስቲም ላይ ፋይሎቹን ማረጋገጥ የጎደለውን ብቻ መልሶ ያመጣል። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የሚሠራ ማሽን ደግሞ ከደሴው የበለጠ ይግላል፤ ማንጎሃድን (የማሽኑን ሁኔታ ጌሙ ላይ የሚያሳይ ፕሮግራም) ጭናችሁ ሙቀቱን ስክሪኑ ላይ ተከታተሉ፣ ከ90 ዲግሪ አልወርድ ካለ አቧራው ተጠርጎ የፕሮሰሰሩ ፔስት ይቀየር።

ዋናው ጉድለት አንቲቺት ነው፤ እዚህ ላይ ምንም ዓይነት ሴቲንግ አያድንም። ቫሎራንት፣ ፎርትናይት፣ የፒሲው ፐብጂ እና ኤፔክስ ሌጀንድስ ሊኑክስ ላይ አይሠሩም። ጂቲኤ 5 ታሪኩን ብቻ ለሚጫወት ደህና ነው፣ ኦንላይኑ ግን ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ተዘግቷል። የኢኤ ኳስ ጌሞች ከፊፋ 23 ወዲህ የወጡት በሙሉ እምቢ ይላሉ፣ የጌም ቤት ደንበኛ ደግሞ አብዛኛው ለኳስ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ለሚጫወት ሰው ባለ 6ኛ ትውልዱን ማሽን ከሚንት ጋር ያለ ስጋት እንመክራለን። ጌም ቤት የሚከፍት ሰው ግን ለኳስ የሚሆኑትን ማሽኖች ዊንዶውስ ላይ ይተዋቸው፣ ሚንትን ለዶታና ለካውንተር ስትራይክ መስመሩ ያድርገው።