አባትን ትቶ መሄድ፦ አብርሃም ወይስ ያዕቆብ?

ሁለቱም አባታቸውን ትተው ሄደዋል። የአይሁድ ሊቃውንት ግን በአንድ ዓይን አላዩአቸውም።

አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር፤ አባቱ ታራ ደግሞ 145። ታራ ከዚያ በኋላ 60 ዓመት ኖሯል። ታዲያ ኦሪት የታራን ሞት ከአብርሃም መውጣት አስቀድማ ለምን ጻፈች? የመካከለኛው ዘመን የኦሪት ተርጓሚ ራሺ እንደሚለው፣ ሰው «ሽማግሌ አባቱን ጥሎ ሄደ» ብሎ እንዳያማው ነው። በሬሺት ራባ በተባለው ጥንታዊ የአይሁድ የዘፍጥረት ትርጓሜ ላይ እግዚአብሔር ራሱ አብርሃምን አባትን ከማክበር ግዴታ ነፃ ያወጣዋል፤ እሱን ብቻ!

ያዕቆብን ሂድ ያለችው እናቱ ናት፤ ይስሐቅም መርቆ ሸኝቶታል። ታልሙድ (የአይሁድ ሊቃውንት የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ) ግን አልማረውም። ላባ ቤት 20፣ መንገድ ላይ 2 ዓመት ቆየ፤ ለዚህም ቅጣት እንዲሆን ልጁ ዮሴፍ 22 ዓመት ተለየው። በትምህርት ያሳለፋቸው 14 ዓመታት ግን አልተቆጠሩበትም።

ለእኔ የሚከብደው የያዕቆብ ነው። ታዞ መሄድ እንዴት ዕዳ ይሆናል? ምናልባት ጥፋቱ መቆየቱ ይሆናል፤ ርብቃ ያለችው «ጥቂት ቀን» ነበር።