70-300 ሌንሴ ከ8 ወር በኋላ፦ ሐምራዊው ጠርዝና የኔ ጥፋት

ሰላም ናችሁ፣ ደሴ ከተማ ነኝ፣ ሰርግና ምርቃት እያነሳሁ ነው የምኖረው። ባለፈው ነሐሴ ያገለገለ 70-300 ሌንስ (ቁጥሩ ሚሊሜትር ነው፣ በጨመረ ቁጥር ሩቁን ያቀርባል) ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፣ 300 ላይ አፐርቸሩ (የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠባል) ከ5.6 የበለጠ የማይሰፋው ተራው አይነት። ብራንዱን ተዉት፣ በዚህ ዋጋ ያሉት ሁሉም ወንድማማች ናቸው። አሁን ሚያዝያ ነው፣ ብዙ ቦታ ዞርንበት፣ ስለዚህ የሚወራ ነገር አለኝ።

መጀመሪያ የከዳኝ ግሸን ላይ ነው። መስከረም 21 ንግሱ ላይ ከሩቅ ሆኜ ካህናቱን፣ ጥላውን፣ ፀሐይ ያረፈበትን መስቀል ስስብ ዋልኩ፣ በካሜራዋ ትንሽ ስክሪን ሁሉም ያምራል፣ ቤት ገብቼ ላፕቶፕ ላይ ስከፍተው ወይ ጉድ፣ መስቀሉን ዙሪያውን በሐምራዊ ክር የዘመዘሙት ነው የሚመስለው። የነጠላው ጠርዝም እንደዛው። ሻጩን በሆዴ ስረግመው አደርኩ።

ግን የሻጩ ጥፋት አይደለም፣ የብርጭቆ ጠባይ ነው። ብርጭቆ ሰማያዊና ሐምራዊውን ብርሃን ከቀዩ አብልጦ ያጥፈዋል፣ ስለዚህ ቀለሞቹ እኩል ርቀት ላይ አይሰበሰቡም፣ አረንጓዴው ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው) ላይ ጥርት ብሎ ሲያርፍ ሐምራዊው ቀድሞ ተሰብስቦ ሴንሰሩ ጋ ሲደርስ ተበትኖ ነው የሚደርሰው። ሌንሱ በረዘመ ቁጥር ይሄ ልዩነት አብሮ ይረዝማል፣ ለዛ ነው በ50ዋ ሌንሴ ስንት አመት ሳላየው 300 ላይ ያፈጠጠብኝ። ውድ የሆኑት ይሄን የቀለም ልዩነት የሚቀንስ ፍሎራይት ወይም ኢዲ የሚባል ብርጭቆ አላቸው፣ ካኖን ፍሎራይት ያለበትን 300 ሌንስ ያወጣው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው፣ እኔ በ2018 ዓ.ም. ያለሱ እየታገልኩ ነው እንግዲህ።

ይሄ የቀለም ጠርዝ ሁለት አይነት መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ብዙ ፎቶ አበላሽቻለሁ። አንደኛው ፎቶው ጥግ ጥግ ላይ ብቻ የሚታይ፣ በአንድ በኩል ቀይ በሌላ በኩል ሰማያዊ የሚመስል መስመር ነው፣ አፐርቸር ብትዘጉም አይጠፋም ግን ላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) ላይ አንዷን ቦክስ ቲክ ማድረግ ነው፣ አለቀ። ሁለተኛው መሃልም ላይ ይወጣል፣ ከፎከሱ ፊት ለፊት ያለው ነገር ወደ ሐምራዊ፣ ከኋላ ያለው ወደ አረንጓዴ ይላል፣ ይሄኛው በቲክ አይለቅም። እዛው ላይትሩም ላይ ዲፍሪንጅ የሚባለውን፣ የጠርዝ ቀለም የሚያጠፋውን ማስተካከያ መጎተት አለባችሁ፣ እሱ ደግሞ ጠርዝ ላይ ያገኘውን ሐምራዊ ሁሉ ይበላል። ኮምቦልቻ አንድ ሰርግ ላይ ጎተት አድርጌ ለሁሉም ፎቶ ለጠፍኩት፣ አልበሙን ሳስረክብ የሙሽሪት እናት አየት አደረጉና "አንተ ልጄ፣ ካባዋ እኮ ሐምራዊ ነበር፣ ጠርዙ ላይ አመድ ነሰነስክበት እንዴ?" አሉኝ። አብሽሩ እማማ አስተካክላለሁ ብዬ ሁለት ሌሊት አንድ በአንድ ስመልስ አደርኩ።

አሁን እንግዲህ አፐርቸሩን 8 ላይ አስሬዋለሁ። 5.6 ላይ የነበረው ጭስ የመሰለ ብዥታም ሐምራዊውም በግማሽ ይቀንሳል። 16 እና 22 ድረስ የምትዘጉ ተዉ፣ እዛ ደግሞ ሌላ ብዥታ ይመጣል። ችግሩ የደሴ ጉም ሲወርድ 8 ላይ ብርሃን የለም፣ አይኤስኦ (ካሜራው ፎቶውን የሚያደምቅበትን ቁጥር) መጨመር ነው፣ ምን ይደረግ።

ሌንሱን በከንቱ ያማሁበትም አለ። ባቲ ሰኞ ገበያ ቀን 6 ሰዓት ላይ ግመሎቹን ከሩቅ አንስቼ አንዱም ጥርት አላለም፣ ፎከሱ ሞቷል ብዬ ለመሸጥ ሁሉ አስቤ ነበር። በሌላ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ከዛው ቦታ አነሳሁ፣ የግመሉ ሽፋሽፍት ይቆጠራል! ከመሬት የሚነሳው ሙቀት አየሩን እያወዛወዘው ነው እንጂ ሌንሱ ምንም አልሆነም፣ ይሄን ደግሞ የሚሊዮን ብር ሌንስም አያድናችሁም።

ሁለተኛው ፊልተሩ ነው። አቧራ እንዳይነካው ብዬ ርካሽ ዩቪ ፊልተር (ሌንሱ ፊት ላይ የሚገጠም መስታወት) ገጥሜበት ነበር፣ ሐይቅ ላይ ያነሳኋቸው ነጫጭ ወፎች ሁሉ ላባቸው የታሸ ጥጥ ሆኖ ቀረ። በመጨረሻ ጠርጥሬ ጦሳ ተራራ ላይ ያለ አንድ ባህር ዛፍ መርጬ፣ ካሜራውን ስታንድ ላይ አስሬ በፊልተር 10 ያለ ፊልተር 10 አነሳሁ። ያለ ፊልተር ቅርንጫፉ ለየብቻ ይታያል፣ በፊልተር ግን ገንፎ። ፊልተሩ ትንሽ እንኳ ዝርግ ካልሆነ 50 ላይ ላይታወቅ ይችላል፣ 300 ላይ ግን ጉዱ ይወጣል። ስድስት ወር ሙሉ በ300 ብር መስታወት እያየሁ ሌንሱን ስሳደብ ነበር ማለት ነው፣ ወላሂ አፈርኩ።

ይሸጣል ወይ ለምትሉኝ አይሸጥም። ፊልተሩን ግን እዚሁ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ ሰው በነፃ መጥቶ ይውሰደው።