ለደሴ ፒያሳው የላፕቶፕ አዋቂ ምስጋና፣ ላፕቶፕ ልትገዙ ላሰባችሁም ጥቆማ

እኛ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በሐይቅ የሰርግና የኒካህ ቪዲዮ የምንቆርጥ፣ ባነርና የጥሪ ካርድ የምንሠራ፣ መንዙማና ዘፈን የምንቀዳ ባለሙያዎች ነን። ይህን የጻፍነው ደሴ ፒያሳ ላይ ላፕቶፕ እየመረጠ ለሚያስመጣልንና ለሚጠግንልን ወንድማችን ነው። «ስሜንና ስልኬን አደባባይ አታውጡብኝ» ስላለን አላወጣንም፤ የፈለገው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልንና እናገናኘዋለን። እግዜርም አላህም ይስጥልን ብለን ብቻ ብንተወው የምስጋናው ግማሽ ይቀራል። አሠራሩን በዝርዝር ካስቀመጥነው ግን እሱ ጋ መምጣት የማይመቸው የወልድያ፣ የላሊበላ ወይም የከሚሴ ሰውም ይጠቀምበታል።

ሱቁ የገባን ሰው «ስንት ብር ይዘሃል?» ብሎ አይጀምርም። «የምትሠራበትን ፋይል በፍላሽ ይዘህ ና» ነው የሚለው። ፋይሉን ከፍቶ ካሜራው ቪዲዮውን በምን ዓይነት አምቆ እንደቀዳው ያያል፤ ዋጋ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ሻጭ የማያውቀው ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። ካሜራችሁ በኤችኢቪሲ (ቪዲዮ የማመቂያ ዘዴ ነው) 4:2:2 10 ቢት፣ ማለትም ብዙ የቀለም መረጃ በሚይዝ ዓይነት፣ የሚቀዳ ከሆነ፣ ያንን ቪዲዮ በሃርድዌር የሚፈታ ቺፕ ያስፈልጋችኋል። በኢንቴል ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው ግራፊክስ ከ11ኛው ጄኔሬሽን ጀምሮ ይህን ይችላል። የኤንቪዲያ ካርድ ግን እስከ አርቲኤክስ 40 ድረስ አይችልም፤ የቻለው በአርቲኤክስ 50 ነው። ስለዚህ ራይዘን ፕሮሰሰርና አርቲኤክስ 4060 ያለው ውድ ማሽን ታይምላይኑ (ቪዲዮው የሚቆረጥበት መስመር) ላይ ሲንገታገት፣ በዋጋ ከሱ በጣም የሚያንሰው ባለ 12ኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ 5 ያንኑ ፋይል ሳይቆራረጥ ያጫውተዋል። ገዢው ደግሞ ጥፋቱን በቪዲዮ መቁረጫው ፕሮግራም በፕሪሚየር ላይ ያላክካል።

እዚሁ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ጌሚንግ ላፕቶፖች ዋናውን ግራፊክስ ካርድ ብቻ እንዲጠቀሙ የሚያደርግ ማስተካከያ አላቸው። እሱ ከተበራ የኢንቴሉ ግራፊክስ ይጠፋል፤ ለቪዲዮው የታሰበው ጥቅምም አብሮት ይጠፋል። ወንድማችን ማሽኑን ከማስረከቡ በፊት ይህንን ወደ ቅይጡ ሁነታ ይመልሰዋል። ቀጥሎ ፕሪሚየር ውስጥ ፕሪፈረንስ፣ ሚዲያ የሚለው ገጽ ገብቶ የኢንቴል ሃርድዌር ዲኮዲንግ ምልክት እንዳለበት ያሳያችኋል። ፋይላችሁ 4:2:2 ሆኖ በኤች.264 (ከኤችኢቪሲ በፊት በነበረው የማመቂያ ዘዴ) የታመቀ ከሆነ ደግሞ አብዛኛው ኢንቴልም አይረዳችሁም፤ ወይ አርቲኤክስ 50፣ ወይ ፕሮክሲ (ለመቁረጥ ብቻ የሚሠራ ቀለል ያለ ቅጂ)። ሰውየው ብዙ ጊዜ የሚመክረው ሁለተኛውን ነው፦ ገና ፋይሉ ሲገባ በግማሽ ሪዞሉሽን ፕሮክሲ ይሠራለት፣ ማታውን ይደር፣ ጠዋት ይቆረጥ። ካሜራችሁ የቀለም መረጃው ያነሰውን 4:2:0 8 ቢት ብቻ የሚቀዳ ከሆነ «አብሽሩ፣ ማንኛውም ደህና ማሽን ይፈታዋል፤ ብራችሁን ራም ላይ አውሉት» ይላችኋል። ትርፉን ትቶ እንዲህ የሚል ነጋዴ ብዙ አላየንም።

ስቲከር አያይም። በሬ ሲገዛ ጥርሱ እንደሚታይ ሁሉ እሱም የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር ነው የሚያነበው። «ኮር አይ 7» የሚለው ብቻውን ምንም አይናገርም። ኮር አይ 7 7600ዩ ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው፤ ኮር አይ 5 12500ኤች ግን 12። መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል ዩ ከሆነ ባትሪ ለመቆጠብ የተሠራ ነው፤ ለኤክስፖርት (የተቆረጠውን ቪዲዮ ጨርሶ ለማውጣት) የሚፈለገው ኤች ወይም ኤችኤክስ ነው። ራይዘን ላይ ያለው ማታለያ ደግሞ ረቀቅ ይላል። በ7000 ተከታታይ ውስጥ ትውልዱን የሚናገረው ሦስተኛው ቁጥር ነው፦ 7520ዩ የድሮው ዜን 2፣ 7530ዩ ዜን 3፣ 7540ዩ ዜን 4 ነው። ሦስቱም «ራይዘን 5 አዲስ» ተብለው አንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ።

የግራፊክስ ካርድም እንደዚያው ነው። አርቲኤክስ 4060 ተብሎ የሚሸጠው ላፕቶፕ ካርድ እንደ ማሽኑ ከ35 እስከ 115 ዋት ይመደብለታል። ስሙ አንድ ቢሆንም ጉልበቱ አንድ አይደለም። ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ሲከፈት ትልቁ ዋት ተጽፎ ይገኛል፤ እሱን ሳያሳያችሁ ብር አይቀበልም። በካርዱ ላይ ያለውን ሜሞሪም አትርሱ። 4 ጊጋ ለፎቶና ለፉል ኤችዲ ይበቃል። ባለ 4ኬ ታይምላይን ላይ ከባድ ኢፌክት ሲደራረብ ግን ዳቪንቺ የተባለው የቪዲዮ ፕሮግራም የጂፒዩ (የግራፊክስ ካርዱ) ሜሞሪ ሞልቷል ብሎ ይቆማል፤ 8 ጊጋ ይሻላል።

ዩዝድ ማሽን ከሆነ ፍተሻው ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ እናንተም አጠገቡ ትቀመጣላችሁ። የመጀመሪያው ሥራው ዊንዶውስን ሙሉ በሙሉ ሪሴት አድርጎ ከዋይፋይ ጋር ማገናኘት ነው። ይህ ለምን እንደሚጠቅም የሚገባው የተቃጠለ ሰው ነው። ከውጭ ድርጅቶች የተመለሱ አንዳንድ ላፕቶፖች አሁንም በድርጅቱ ስም ተመዝግበው ይቆያሉ። ሱቅ ውስጥ በደህና ይሠራሉ፤ ከወራት በኋላ ፎርማት ሲደረጉ ግን የማታውቁት ኩባንያ የመግቢያ ገጽ ተደቅኖ የሠራተኛ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ይጠይቃችኋል። ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ፕሮግራም) በይለፍ ቃል የተቆለፈ ከሆነም ጭራሽ አይነካውም፣ ይመልሰዋል።

ቀጥሎ የዊንዶውስን የባትሪ ሪፖርት ያወጣል። ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅም 56,000 ሚሊ ዋት ሰዓት ሆኖ አሁን የሚይዘው 31,000 ከሆነ ግማሽ ያህሉ አልቋል ማለት ነው። ከ80 በመቶ በታች ከወረደ የባትሪው ዋጋ ከማሽኑ ዋጋ ላይ እንዲቀነስ ራሱ ይከራከርላችኋል። ሪፖርቱን ብቻም አያምንም፤ የተቀየረ ርካሽ ባትሪ 100 በመቶ ነኝ ሊል ይችላል። ቻርጀሩን ነቅሎ ቪዲዮ ለ30 ደቂቃ ያጫውትና ስንት በመቶ እንደወረደ ያያል። ኤስኤስዲውን፣ ማለትም ዲስኩን፣ በክሪስታልዲስክኢንፎ ፕሮግራም ጤንነቱንና የሠራበትን ሰዓት ያነባል፤ ከዚያ 80 ጊጋ የሚሆን ፋይል ይገለብጥበታል። መጀመሪያ ላይ እየበረረ ቆይቶ መሃል ላይ ከ100 ሜጋ ባይት በሰከንድ በታች የሚወርድ ዲስክ የቪዲዮ ዲስክ አይደለም፤ ጊዜያዊ ማከማቻው ሲሞላ ነው እውነቱ የሚወጣው። የኤም ዶት ቱ ቅርጽ ያለው ዲስክ ሁሉ ፈጣኑ ኤንቪኤምኢ እንዳይመስላችሁ፤ ዘገምተኛው ሳታም በዚሁ ቅርጽ ይመጣል፣ ፍጥነቱ ግን በሰከንድ 550 ሜጋ ባይት አካባቢ ላይ ያበቃል።

የሙቀት ፈተናው ላይ ደሴነቱ ይገባበታል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቀዝቃዛ ስለሆነ ማሽን ይስማማዋል የምንለው ግማሽ እውነት ነው፤ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚያንቀሳቅሰው አየር ክብደቱ ስለሚያንስ የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል። ኮምቦልቻ ዝቅ ብላ አየሩ ወፈር ቢልም ሙቀቱ ራሱ ይጨምራል። ስለዚህ ፕሮሰሰሩን በሥራ የሚያስጨንቀውን ሲኒቤንችን ለ10 ደቂቃ ያስሮጥና ጎን ለጎን ኤችደብሊውኢንፎ በተባለው መከታተያ ፕሮግራም ዋቱን ይከታተላል። በመጀመሪያው ደቂቃ 80 ዋት የነበረው 45 ላይ ቢረጋ ችግር የለም። 95 ዲግሪ ደርሶ ወደ 15 ዋት ከወረደ ግን ወይ አቧራ ዘግቶታል፣ ወይ የሙቀት ማስተላለፊያ ፓስታው ደርቋል፣ ወይ ማሽኑ ከመነሻው ቀጭን ሆኖ ነው የተሠራው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያስተካክላቸዋል፤ ለሦስተኛው መድኃኒት የለውም፣ አትግዙ ይላል። እንደ ወረቀት የሚቀጥኑ ላፕቶፖችን የማይወደው ለዚህ ነው። ዩዝድ ከሆነ ቲንክፓድ ፒ፣ ዴል ፕሪሲዥን ወይም ኤችፒ ዜድቡክ ያስመርጣል። ከባድ ናቸው፣ ማሽኑ ሲከፈት ግን አብዛኞቹ ራምና ዲስክ መቀየሪያ ቦታ አላቸው።

ስክሪን ላይ የባነር ሠሪዎች ውለታው አለብን። ባለ 45 በመቶ ኤንቲኤስሲ (የስክሪን የቀለም ስፋት መለኪያ) ስክሪን ከኤስአርጂቢ፣ ማለትም ከተለመደው የኮምፒውተር የቀለም ክልል፣ ሁለት ሦስተኛ ገደማውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ቀዩ ይደበዝዛል፤ ሠሪው ለማካካስ ቀይ ይጨምራል፤ ከማተሚያው ሲወጣ የሙሽራዋ ፊት በርበሬ ይመስላል። 72 በመቶ ኤንቲኤስሲ ወይም 100 በመቶ ኤስአርጂቢ የሚለው ነው መነሻው። ብርሃኑ ቢያንስ 300 ኒት፣ የፓነሉ ዓይነት አይፒኤስ ይሁን። ሻጩ የማያውቅ ከሆነም ኤችደብሊውኢንፎ የፓነሉን ሞዴል ቁጥር ያወጣዋል፤ ያንን ፈልጎ ትክክለኛ መረጃውን ማየት ነው። ኦሌድ ቀለሙ ያምራል፤ ቀኑን ሙሉ የፎቶሾፕ የመሣሪያ ሳጥን አንድ ቦታ ተተክሎ ለሚውልበት ሰው ግን ከጊዜ በኋላ ጥላ ሊተው ስለሚችል አይገፋፋም።

ራም 16 ጊጋ መነሻ ነው፤ 4ኬ ከሆነ 32። አንድ ባለ 16 ከመግዛት ሁለት ባለ 8 ይሻላል፣ በሁለት መስመር ስለሚሠሩ። ቦርዱ ላይ የተበየደ ራም ያለው ማሽን ከሆነ ዛሬ የገዛችሁት መጨረሻው ነው። ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 አይቀያየሩም።

ለድምፅ ሰዎች የሚሰጠው ምክር ለየት ይላል። ባቲም ሆነ አምባሰል ቅኝት ለሚቀዳ ሰው ዋናው ግራፊክስ ካርድ አይደለም፤ የድምፅ መዘግየቱና ጢስ ጢስ የሚለው መቆራረጥ ነው። ይህንን መዘግየት የሚለካውን ላተንሲሞን ፕሮግራም ለ15 ደቂቃ ያህል ከፍቶ ይተወዋል። ቀይ ካሳየ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የዋይፋይ ወይም የግራፊክስ ድራይቨር ነው፤ ያድሰዋል፣ ቀረጻ ላይ ዋይፋዩን አጥፉ ይላል። በ48 ኪሎ ኸርዝ የድምፅ ማቆያው (በፈሩ) 128 ሳምፕል ላይ ሲሆን መዘግየቱ በአንድ አቅጣጫ 2.7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፤ ዘፋኝ አይሰማውም። በማይኩ ውስጥ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ካለና ቻርጀሩ ሲነቀል ከጠፋ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከላፕቶፑ አይደለም፤ የቤቱን የምድር ሽቦ አስፈትሹ።

ብዙ የማይነገሩ ጥቃቅን ነገሮችም ያሟላል። አዲስ ዊንዶውስ ላይ ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንት ቀድሞ አይጫንም፤ የድሮ የጥሪ ካርድ ዲዛይን ሲከፈት ፊደሉ ይቀየራል። ከአማራጭ ፊቸሮች ውስጥ የኢትዮጵያ ፊደላት ተጨማሪ ፎንት የሚለውን ጭኖ ያስረክባል። የባነር ማተሚያ ያላችሁ ደግሞ ስናፕድራጎን ፕሮሰሰር ያለውን አዲስ ላፕቶፕ ቢያምራችሁም ተጠንቀቁ፤ ለማተሚያውና ለዶንግሉ (የማተሚያው ፕሮግራም እንዲሠራ የሚሰካው ቁልፍ) በዚያ ቺፕ የሚሠራ ድራይቨር ከሌለ ማሽኑ አያያቸውም። ከ8ኛ ጄኔሬሽን በታች ያለ ኢንቴል ደግሞ በሩ ላይ ነው የሚመልሰው፤ ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል።

ቻርጀር የሚጠፋበት ሰው ብዙ ነው። ለ180 ዋት ማሽን የ65 ዋት ተመሳሳይ መግዛት ሞት ነው፤ ማሽኑ ፕሮሰሰሩን ያዘገየዋል፣ ሁልጊዜም አይነግራችሁም። መብራት ሲሄድ በባትሪ ኤክስፖርት ማድረግም አያዋጣም፣ ካርዱ በባትሪ ላይ ሙሉ ዋቱን አያገኝም። ኤክስፖርቱን አቁሙት፣ በባትሪ የመቁረጡን ሥራ ቀጥሉ።

ጉድለቱንም እንናገር። መደርደሪያው ላይ ሁለት ሦስት ማሽን እንጂ ምርጫ የለም፤ ካዘዛችሁት ትጠብቃላችሁ። ዱቤ አይሰጥም። ብሩ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ መመራት ከጀመረ በኋላ የነገረን ዋጋ የሚጸናው ለጥቂት ቀን ብቻ ነው፣ በዚህ የሚቀየም ሰው አለ። ንግግሩም ቀጥ ያለ ነው፤ የገዛችሁትን ማሽን አይቶ «ለጽሑፍ ይሆናል» ካለ ስድብ አይደለም።

የምትሄዱ ከሆነ የራሳችሁን የካሜራ ፋይል ሳትቆርጡት ይዛችሁ ሂዱ፤ በቴሌግራም የተላከው ታምቆ ስለሚመጣ አይጠቅመውም። የምትጠቀሙበትን የድምፅ ካርድ ወይም የማተሚያ ዶንግል ጨምሩ። ሰኞ አትሂዱ፣ ገበያተኛው ስልክ ሊያስጠግን ይሰለፋል። ሐሙስ ጠዋት ይሻላል፣ ሱቁ ባዶ ነው፣ ፈተናውን ሳይቸኩል ያካሂድላችኋል።