ከቡናማዎቹ በኋላ የምትመጣው ክኒን

ሁለት ሆርሞን ያለውን የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ መውሰድ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። የኔው ባለ 28 ፍሬ ነው። 21ዱ ነጭ፣ 7ቱ ቡናማ። ሆርሞኑ ያለው ነጮቹ ውስጥ ነው። ቡናማዎቹ የብረት ማዕድን ናቸው፤ ሥራቸው የመዋጥ ልማዱ እንዳይቋረጥ ማድረግ ነው።

መጀመሪያ የሚያማርረውን ልናገር። የመጀመሪያው ወር ያቅለሸልሸኝ ነበር። ጡቴ ተወጠረ፣ በወሩ መሃል ጠብ ጠብ የሚል ደም አየሁ። ባዶ ሆዴን መዋጥ ትቼ ከእራት በኋላ ሳደርገው ቀለል አለኝ። ሦስተኛው ስትሪፕ ላይ ሁሉም ለቀቀኝ። በምትኩ ያገኘሁት ደግሞ ቀላል አይደለም። በፊት ፔሬዴ በመጣ በሁለተኛው ቀን ሆዴን ይዤ እጠቀለል ነበር። አሁን ሥራዬን እሠራለሁ።

ክኒኑ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ አብሮት የሚመጣው የመመሪያ ወረቀት ላይ ነው። ሲዘረጋ አንሶላ ያህላል፣ ፊደሉ ጉንዳን ነው። ዋናው ነገር ከጀርባው፣ እጥፋቱ ላይ ተደብቋል። እኔ ያነበብኩት ከተሳሳትኩ በኋላ ነው።

እንዲህ ሆነ። ቡናማዎቹን ረቡዕ ጨረስኩ። ሐሙስ በጠዋት ጉዞ ነበረኝ፣ አዲሱ ስትሪፕ ቤት ቀረ። «ፔሬዴ ገና አሁን መውጣቱ ነው፣ ሁለት ቀን ምን ያመጣል?» አልኩ። ቅዳሜ ተመልሼ ፋርማሲስቷን ስጠይቃት ቅንድቧን አነሳች። ከሁሉም የማይረሳው የአዲሱ ስትሪፕ የመጀመሪያው ነጭ ነው አለችኝ። በቡናማዎቹ ሳምንት ሰውነት ሆርሞን አያገኝም። ነጮቹን በትክክል ከወሰድሽ ሰባት ቀን ችግር የለውም። ከዚያ ካለፈ ግን እንቁላል ማዘጋጀት ሊጀምር ይችላል። እኔ ዘጠኝ ቀን አድርሼዋለሁ!

አንድ ነጭ ብቻ ከረሳሽ ባስታወስሽ ሰዓት ዋጪው፤ በአንድ ቀን ሁለት መሆኑ አያስፈራም። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ አንዱን ወዲያው ዋጪ፣ የቀሩትን በየቀኑ በተለመደው ሰዓትሽ ቀጥይ፣ ሰባት ቀን ኮንዶም ጨምሪ። ይሄ የደረሰው በነጮቹ ሦስተኛ ሳምንት ከሆነ ቡናማዎቹን ዝለይና በቀጥታ አዲስ ስትሪፕ ጀምሪ። እኔ ያን ሰሞን ከባሌ ጋር ስለነበርኩ ድንገተኛውን የእርግዝና መከላከያ ክኒንም ወሰድኩ። እስከ 5 ቀን ይሠራል፣ ግን በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። በዋጥሽ በሦስት ሰዓት ውስጥ ካስመለሰሽም ሌላ መዋጥ አለብሽ።

ሳይዛነፍ ለሚወስዱት በዓመት ከ100 ሴቶች አንዷ እንኳ አታረግዝም። እንደኔ እየረሱ ከሚወስዱት ግን ወደ 7 ያህሉ ያረግዛሉ። ልዩነቱ ያለው ክኒኑ ላይ ሳይሆን እኛ ላይ ነው። ኤች አይ ቪን አለመከላከሉን ደግሞ ሁሉም ያውቃል ብዬ ልለፍ።

ለሁሉም ሰው አይሆንም። እህቴ አብራኝ ልትጀምር ሄዳ ነበር። ራስ ምታቷ ሊነሳባት ሲል ዓይኗ ላይ ዚግዛግ ብርሃን እንደሚታያት ስትናገር «ይሄኛው ላንቺ አይሆንም» ተባለች። እንዲህ ዓይነት ማይግሬን ካለ ኤስትሮጅኑ (ክኒኑ ውስጥ ካሉት ሁለት ሆርሞኖች አንዱ) አንጎል ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ ይጨምራል። ሌላ ዘዴ ሰጧት። ደም ግፊት ያለባት፣ ደም ረግቶባት የምታውቅ፣ ከ35 ዓመት በላይ ሆና የምታጨስ፣ በቅርቡ የወለደች፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ሳትጠይቅ አትጀምር። አንድ እግርሽ ካበጠና ካመመሽ፣ ወይም ደረትሽን ከወጋሽ ደግሞ ነገ አትበዪ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ።

አሁን ቡናማዎቹን ስጀምር አዲሱን ስትሪፕ ከአሮጌው ጋር በላስቲክ አስረዋለሁ። የትም ስሄድ አብረው ቦርሳዬ ውስጥ ይገባሉ።