«ሙሉ የማሻሻያ ጥቅል» እየተባለ የሚሸጠውን የሽጉጥ ዕቃ አትግዙ

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ በትጥቅ ጥበቃ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ለቤታችሁ ወይም ለሱቃችሁም በሕጋዊ መንገድ ሽጉጥ የያዛችሁ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የተበላሁት ገንዘብ ሄዷል፤ እሱን ትቼዋለሁ። እንድጽፍ ያስገደደኝ 11 ቀን ሙሉ ወገቤ ላይ ታጥቄው የዞርሁት ሽጉጥ ከእጄ ቢያመልጥና ቢወድቅ ሊተኩስ ይችል እንደነበር ማወቄ ነው። በእነዚያ ቀናት ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሻለሁ።

ሽጉጤ የሦስተኛው ትውልድ ግሎክ 19 ነው። የዚህ ሽጉጥ ምላጭ ከፋብሪካ ሲወጣ ለመሳብ አምስት ፓውንድ ተኩል፣ በኪሎ ሁለት ተኩል ያህል ጉልበት ይፈልጋል። በየዓመቱ የምንፈተነው የተኩስ ፈተና ሲቃረብ ጥይቶቼ ሁሉ ከዒላማው በታች ወደ ግራ ይወድቁ ነበር። አሠልጣኙ «ምላጩን እየነጠቅህ ነው፤ ተለማመድ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን የሽጉጡ ጥፋት መሰለኝና ማስታወቂያ ማየት ጀመርሁ።

ያገኘሁት ማስታወቂያ ሰባት ዕቃ በ165 ዶላር ይላል። ምላጩን ወደ ሦስት ፓውንድ ተኩል የሚያወርድ ማገናኛ ብረት፣ ቀለል ያለ መቺ መርፌ፣ ለስለስ ያለ የመርፌ ሞላ፣ ከታይታኒየም የተሠራ የመርፌ መጠበቂያ፣ ተንሸራታቹን (የሽጉጡን የላይኛውን ብረት) ወደ ቦታው የሚመልስ አዲስ የመመለሻ ሞላ፣ ረዘም ያለ የካዝና (የጥይት መያዣ) መልቀቂያና ረዘም ያለ የተንሸራታች ማቆሚያ። «ለሁሉም የግሎክ ትውልድ ይሆናል» ይላል። በካርድ መክፈሉን ትቼ ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ ካስተላለፍሁ 20 ዶላር እንደሚቀንስልኝ ሻጩ ጻፈልኝ። በ145 ዶላር ተስማማን።

ሁለቱም ነገሮች ገና ከመነሻው ሊያስቆሙኝ ይገባ ነበር። የሦስተኛው ትውልድ ግሎክ 19 የመመለሻ ሞላ ነጠላ ነው፤ የአራተኛው ደግሞ ድርብ ነው። አንዱ ለሌላው አይሆንም። የካዝና መልቀቂያውም ይለያያል። «ለሁሉም ትውልድ» የሚል ሰው ወይ ዕቃውን አያውቀውም፣ ወይ እያወቀ ይዋሻል። በካርድ አትክፈል የሚል ሻጭ ደግሞ ገንዘባችሁ ተመልሶ ሊወሰድበት የሚችልበትን በር አስቀድሞ እየዘጋ ነው።

ዕቃው በላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ ደረሰ። የሠሪው ስም የለም፣ የዕቃ ቁጥር የለም፣ መመሪያም የለም። ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ገጠምሁት። ባዶውን ስስበው ምላጩ በጣም ቀሏል፤ እኔም ደስ ብሎኝ ታጠቅሁት። ሥራ ላይ የሚታጠቁትን ሽጉጥ የውስጥ ዕቃ ያለ አሠሪ ፈቃድ መቀየር ከሥራ እንደሚያስባርር በኋላ ነው ያሰብሁት። ከዚህ በታች የምነግራችሁን ጉድለት እንዳወቅሁ ለአለቃዬ ነግሬ የፋብሪካውን ዕቃ አስመልሻለሁ።

እስኪ በመለማመጃው የሆነውን ልንገራችሁ። ከ100 ጥይት ዘጠኙ አልተኮሱም። ምላጩ ይሳባል፣ ቀጭን ድምፅ ይሰማል፣ ጥይቱ ግን ዝም። አውጥቼ ሳያቸው ከሥራቸው ያለው አቀጣጣይ ላይ መርፌው የተወው ምልክት ጥልቀት የለውም፤ በጥፍር የተነካ ይመስላል። ምክንያቱን የመሣሪያ ጥገና ባለሙያው አስረዳኝ። በግሎክ ውስጥ ምላጩን ስንስብ የመርፌውን ሞላ ወደ ኋላ እየጨመቅን ነው። ስለዚህ ሞላውን ያለሰለሰ ሰው ምላጩን ያቀልለታል፤ ነገር ግን አቀጣጣዩን የሚመታው ጉልበትም ያው ሞላ ነው። «ቀላል ምላጭ» እየተባለ የተሸጠልኝ የመተኮሻው ጉልበት ራሱ ነበር። ለውድድር ብቻ የሚተኩስ ሰው የጥይቱን ዓይነት መርጦ፣ ደጋግሞ ሞክሮ ይህን ሊመርጥ ይችላል። ሕይወቱን ለመጠበቅ የሚታጠቅ ሰው ግን ከ100 ዘጠኝ ጊዜ ዝም የሚል ሽጉጥ ምን ያደርግለታል?

ባለሙያው በዚህ አላበቃም። ተንሸራታቹን ፈትቶ «ታይታኒየም» የተባለውን መጠበቂያ አወጣና ማግኔት አስጠጋበት፤ ጠቅ ብሎ ተጣበቀ። ታይታኒየም በማግኔት አይሳብም። ተራ ብረት ነበር፤ ያውም ቁመቱ ከፋብሪካው ያጠረ። ዕቃዋን መልሶ ገጠመና ከኋላ ወጣ ያለውን የመርፌውን እግር በአውራ ጣቱ ወደ ፊት ገፋው። የመርፌው ጫፍ ያለምንም ከልካይ ብቅ አለ። ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ አልተናገርንም።

ይህ ለምን እንዳስደነገጠኝ ለማታውቁት ልግለጽ። ጋስቶን ግሎክ የነደፈው፣ የኦስትሪያ ጦርም እ.ኤ.አ. በ1982 የተቀበለው ሽጉጥ በአውራ ጣት የሚቆለፍ መጠበቂያ የለውም። በምትኩ ውስጡ ሦስት መጠበቂያዎች አሉት፤ አንዱ ምላጩ ላይ ያለው ምላስ ነው፣ ሁለተኛው መርፌውን ወደ ፊት እንዳይሄድ የሚያግደው ክብ ብረት ነው፣ ሦስተኛው ሲወድቅ የምላጩን ዘንግ የሚይዘው ነው። ሁለተኛው በእኔ ሽጉጥ ውስጥ ቦታውን ይዞ ተቀምጧል፣ ሥራውን ግን አይሠራም ነበር። የሽንብራ ፍሬ የምታክል ዕቃ ናት።

ትልቅ ፋብሪካ እንኳ በእነዚህ ጥቃቅን ዕቃዎች ክብደት ተፈትኗል። ሲግ ሳወር ፒ 320 የተባለው ሽጉጥ በተወሰነ አንግል ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችል ከታየ በኋላ፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ለባለቤቶቹ ነፃ የማሻሻያ ጥገና አቀረበ፤ ከተቀየሩት ነገሮች አንዱ የምላጩ የራሱ ክብደት ነው። መሐንዲስና የመሞከሪያ ክፍል ያለው ፋብሪካ እንዲህ ከሆነ፣ ስሙን ከረጢቱ ላይ ለመጻፍ ያልደፈረ ሰው ምን ሞክሮ ይሆን?

ረጅሙ የካዝና መልቀቂያም የራሱ ጣጣ አለው። መኪና ውስጥ ስቀመጥ ወንበሩ ተጭኖት ካዝናው ሁለት ጊዜ ግማሽ ያህል ወጥቶ አግኝቼዋለሁ። እንዲያ ሲሆን የሚተኮሰው አስቀድሞ የጎረሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው።

ለሻጩ ጻፍሁለት። «ከተገጠመ ዕቃ አይመለስም» አለና በማግስቱ ዘጋኝ። ባንኬም ገንዘቡን ያስተላለፍሁት ራሴ ስለሆንሁ ምንም ማድረግ እንደማይችል ነገረኝ። በክሬዲት ካርድ ከፍዬ ቢሆን ኖሮ ሂሳቡ ከተላከልኝ ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መከራከር እችል ነበር። በበይነመረብ የሚሸጥ ነጋዴም የመላኪያ ቀን ካልጠቀሰ በ30 ቀናት ውስጥ መላክ እንዳለበት የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ያዝዛል፤ አቤቱታም እዚያው ይቀርባል። እኔ አቅርቤያለሁ።

ከሁሉ የከፋውን ልጨምር። እንደዚህ ዓይነት ሻጮች ከምላጭና ከሞላ አጠገብ፣ ሽጉጡን ምላጩ እስካልተለቀቀ ድረስ በተከታታይ እንዲተኩስ የምታደርግ ትንሽ ዕቃም በ20 እና በ30 ዶላር ይሸጣሉ። አንዳንዴ ስሟን ቀይረው መለዋወጫ ይሏታል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ያቺ ዕቃ ብቻዋን፣ ሽጉጥ ላይ ባትገጠምም፣ እንደ መትረየስ ትቆጠራለች፤ ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር ይደርሳል። ዜግነት ያልወሰዳችሁ፣ በግሪን ካርድ የምትኖሩ ወገኖቼ ደግሞ ይህን አስተውሉ፤ በጦር መሣሪያ ወንጀል ጥፋተኛ መባል ከአገር ለመባረር ምክንያት ይሆናል። አገር ቤት ያለ ዘመድ «አንድ ሞላ ብቻ ላክልኝ» ብሎ ቢለምናችሁም ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። ከዚህ ያለ ፈቃድ ማስወጣት ወንጀል ነው፤ ኢትዮጵያም ውስጥ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያ ከነመለዋወጫው ቁጥጥር ይደረግበታል።

ዕቃ መቀየር በራሱ ክፉ ነው አልልም። ሞላ ይደክማል፤ ብዙ የሚተኩስ ሰው የመመለሻውንና የምላጩን ሞላ በጊዜው መለወጥ አለበት። የፕላስቲኩን ማነጣጠሪያ በጨለማ በሚታይ የብረት ማነጣጠሪያ መተካትም ዓይኔ ሲደክም ረድቶኛል። ባለሙያው የፋብሪካውን የመርፌ ሞላ፣ መጠበቂያና የመመለሻ ሞላ አዲስ አድርጎ ሲገጥምልኝ ዕቃውና እጁ ተደምሮ ከዚያ ጥቅል ዋጋ ከግማሽ በታች ነበር። ቀጥሎ የተኮስኋቸው 200 ጥይቶች አንድም አልከሸፉም። ፈተናውንም በድሮው ከባድ ምላጭ፣ ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ባዶውን ተለማምጄ አልፌዋለሁ።

እንዲህ ያለ ጥቅል አስቀድማችሁ የገጠማችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ፈትሹ። ካዝናውን አውጡ፣ ተንሸራታቹን ስባችሁ ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ በዓይንም በጣትም እዩ፣ ጥይቶቹን ሁሉ ወደ ሌላ ክፍል ውሰዱ። ግሎክ ከመፈታቱ በፊት ምላጩ መሳብ ስላለበት ባዶነቱን እንደገና አረጋግጡ፤ አፈሙዙንም ሰው ወደሌለበት፣ ጥይት ሊይዝ ወደሚችል ነገር አዙሩ። ተንሸራታቹን አውጥታችሁ ገልብጡት፤ የመርፌውን እግር መጀመሪያ ወደ ኋላ ስባችሁ ቀስ ብላችሁ ልቀቁት፣ ከዚያ ወደ ፊት ግፉት። ክቡ መጠበቂያ ሳይጫን የመርፌው ጫፍ ከፊት ብቅ ካለ ሽጉጡን አትታጠቁት፤ እንደተፈታ ይዛችሁት ወደ መሣሪያ ጥገና ባለሙያ ሂዱ።